አንበሪው የዋጣቸው ሰዎች

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ የልጅ ልጄ ሜሮን ላንቻ ካለው ሲዲ ማከራያ ሁለት ፊልም ይዛ መጣች። ሁለቱም ከሐይቅ ስለሚወጣ አውሬ ናቸው፤ አንደኛው መጀመሪያው፣ ሌላኛው ተከታዩ። የመጀመሪያውን ትራስ ታቅፋ፣ በጣቶቿ መሃል እያሾለቀች፣ አንድ ሁለቴም እኔ ላይ ተለጥፋ ጨረሰችው። ተከታዩን ያስገባች ጊዜ ግን ገና ሻይዬ ሳይበርድ ትራሱን ወረወረችው። «በናትሽ እማማ፣ እግሩን እይው» አለችኝ። «ሰውየው ጫማ አድርጓል እኮ። በቃ ላስቲክ ለብሶ የሚንከራተት ሰው ነው። እንዲህ ሊያበሽቁኝ ነው ስንት ቀን የጠበቅኩት?» መነጽሬን አድርጌ አየሁ። እውነቷን ነው፤ ከአውሬው ተረከዝ ሥር የጫማ ሶል ብቅ ጥልቅ ይላል። ሳቅኩ። እየሳቅኩ ሳለ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሜሮንም ደንግጣ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ምን ሆንሽ ብትለኝ ያን ሰዓት መናገሩ አልሆነልኝም። አንዳንድ ነገር በአፍ ሲሉት ይቸኩላል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ካደረስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ለዚህ ነገር ደግሞ ቀርፋፋ እጅ ይሻላልና ልጽፈው ተቀመጥኩ።

እኔ ልጅ ሳለሁ ካዛንቺስ የሚለው ስም ገና ሰው አፍ ላይ አልጸናም ነበር። እኛ «አዲሶቹ ቤቶች» ነበር የምንላቸው። ጣሊያን ለጸሐፊዎቹና ለሹማምንቱ የሚሠራቸው ቤቶች ናቸው፤ ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ባለ ሁለት መዝጊያ፣ ከፊታቸው አበባ የሚተከልበት ትንሽ ደጅ ያላቸው። ዛሬ ከእነዚያ ውስጥ የቀሩትን በጣት መቁጠር ይቻላል፤ ባለፈው ጊዜ ሜሮን በታክሲ ስታሳልፈኝ አንዱን አፍርሰውት በሩ ብቻ ከነማጠፊያው ቆሞ አየሁት። ያኔ ከጨርቆስ ሽቅብ ስትወጡ ሰፈሩ ሁሉ የተላገ ጥድ ይሸታል። ሰጋቱራው በነፋስ እየተነሣ ፀጉራችን ላይ ያርፍ ነበር። እናቴ በከረጢት እየሰበሰበች ፍራሽ ትሞላበታለች፤ እኔም ያደግኩት ሰጋቱራ ላይ ተኝቼ ነው። በአንድ ሊሬ ሁለት ፓኞታ ዳቦ ገዝቶ ለካራሜላም ይተርፍ ነበር፤ ካራሜላውን የሚሸጠው የመናዊ በወረቀት ጠቅልሎ ጫፎቹን ሲጠመዝዛቸው የቢራቢሮ ክንፍ ይመስላሉ። ወንዶቹ ካኪ ኮት ከቁምጣ ጋር፣ ሴቶቹ አቡጀዲ ቀሚስ በሰፊ መቀነት ይለብሳሉ። ጫማ ያለው ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ከወንዙ ማዶ ከደረሰ በኋላ ነው የሚያጠልቀው፤ ለጭቃ ማን ጫማ ያባክናል።

አባቴ አናጢ ነበር። የእነዚያ ቤቶች ጣሪያ ላይ የእሱ እጅ አለ። ስለ ዘመኑ ነገር እኔ ብዙ አላውቅም፤ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራበት፣ ውሻ ሲጮኽ እናቶች ልጅ ወደ ውስጥ የሚያስገቡበት ጊዜ ነበር። አንድ የመከራ ሰሞን መጣና ወንዶቹን ከየደጁ እየለቀሙ ካሚዮን ላይ ጫኗቸው። አባቴን የወሰዱት የበዓል ማግስት ነው፤ ሥራ ስላልነበረው ዕቃውን አልያዘም። መጋዙ፣ መላጊያው፣ መዶሻው ከአልጋው ራስጌ በሣጥን እንደተቀመጡ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ወሬው ብዙ ሆነ። አንዱ ታስረዋል ይላል፤ ሌላው በመርከብ ባሕር ማዶ ወሰዷቸው ይላል። እናቴ የባሕር ማዶውን ወሬ ያዘች። ባሕር ማዶ የሄደ ይመለሳላ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሣጥኑን ትከፍትና መጋዙን ኑግ ዘይት እያርከፈከፈችበት ትወለውለዋለች፤ ዝገት ካገኘው አባትሽ ሲመጣ ይቆጣል እያለች። ላንቻ የምትኖረው አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ በመጣች ቁጥር የምታነሣው አንድ ነገር ነው። ሰውየው ሞቶ ከሆነ ነፍሱ ያለ ፍትሐትና ያለ ተዝካር ተንከራተተች ማለት ነው፤ ይህ በወንድሜ አይደረግም ትላለች። እናቴ መጋዙን ትወለውላለች። መርዶ ሳይነገር ተዝካር የለም፤ መርዶ ነጋሪ ደግሞ አልመጣም፤ ነገሩ ለእሷ ይኸው ነበር።

እንጀራችን የሚወጣው ከጆንያ ነበር። ለአዲሶቹ ቤቶች የሚመጣው ስሚንቶ፣ ለወታደሩ የሚመጣው ዱቄት፣ ሁሉ በጆንያ ነው፤ ጆንያው ሲቀደድ ለሴቶች ይሰጥና ተጠግኖ ይመለሳል። እናቴና ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ግቢያችን ውስጥ ከሾላው ሥር ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ በወስፌና በሲባጎ ይሰፋሉ። ከመስፋታቸው በፊት ጆንያውን ገመድ ላይ ሰቅለው አቧራው እስኪወጣ በዱላ ይደበድቡታል፤ ድምፁ እስከ ጨርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይሰማል ይባል ነበር። እናቴ ስትሰፋ የምታንጎራጉራት ነገር ነበረቻት፤ ከየት እንዳመጣቻት አላውቅም፦

የጆንያን ቀዳዳ ሲባጎ ይዘጋዋል፣
የደጄን ክፍተት ግን የሄደው ይዘጋዋል።

እትዬ ብርቄ እንዲህ ያለ ዘፈን አይወዱም። «አስካለ፣ እባክሽ ለጆንያ ሙሾ አታውጪለት፤ ደሞዝ አይጨምርልሽም» ይሏታል። ምላሳቸው እንደ ወስፌያቸው ነው፤ እሳቸው ካሉ ሰው ሳይስቅ አይውልም ነበር፤ በዚያ ጊዜ እንኳ።

ሲኒማ ያየነው በእናቴ ስፌት ነው። ከአዲሶቹ ቤቶች ጫፍ ጣውላ የሚከማችበት ትልቅ መጋዘን ነበር። የሥራው አለቃ የሆነው ጣሊያን ከአገሩ ሲኒማ የሚያሳይ ማኪና አስመጣና እሑድ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑን ሲኒማ ቤት አደረገው። መስኮቶቹን የሚያጨልም መጋረጃ ያስፈልግ ነበርና እናቴ ከጆንያ ሰፋችለት። ሥዕሉ የሚታይበትንም ነጭ ሸራ ከሁለት የአቡጀዲ ጣቃ አጋጥማ የሰፋችው እሷ ናት፤ ስፌቱ ከላይ እስከ ታች መሃል ለመሃል ይወርዳል። ለድካሟ እኔን ይዛ እንድትገባ ተፈቀደላት። ጣሊያኖቹ ከሸራው ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። እኛ አበሾቹ ከሸራው ጀርባ ነን፤ ጣውላ ላይ፣ መሬት ላይ፣ ያገኘነው ላይ። ሥዕሉ በአቡጀዲው አልፎ ለእኛም ይደርሰናል፤ ግን ተገልብጦ ነው የሚደርሰን። በቀኙ የሚጽፍ ሰው ለእኛ ግራኝ ነው። ጽሕፈቱም ይገለበጣል፤ እኛ ደግሞ ቀናም ተገለበጠም ፊደሉን አናውቀውምና ግድ አልሰጠንም። ሁሉ ነገር ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ እኔም ሲኒማ ማለት ተፈጥሮው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

የሚነገረውን የሚያስረዱን ቱርጁማኑ አቶ ወልደየስ ነበሩ። ከእኛ አጥር ማዶ ነው ቤታቸው፤ ከአባቴ ጋር የአንድ ጽዋ ማኅበር ሰዎች ነበሩ። ቀጭን፣ ረዥም፣ የኮታቸው መሃለኛ ቁልፍ ወድቆ በሲባጎ ያሰሩት ሰው ናቸው። የቋንቋ ትምህርታቸውን ከሚሲዮን ነው ያገኙት፤ አሁን በጣሊያን ጽሕፈት ቤት ያስተረጉማሉ። ለዚህ ሥራቸው ሰፈሩ ፊት ይነሳቸዋል፤ ሰላምታ ሲሰጡ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ብዙ ነበር። እሑድ ሲሆን ግን ሁሉም ይፈልጋቸዋል። የሸምበቆ ዘንጋቸውን ይዘው ከሸራው ጠርዝ ይቆማሉ፤ ፊት የተቀመጡት ጣሊያኖች እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሥዕሉን ይተርኩልናል። ሥዕሉ ላይ ሁለት ሰዎች ብዙ ይለፈልፋሉ፤ አቶ ወልደየስ «ሰላም ተባባሉ» ይላሉ። ሌላ ጊዜ አንዱ ሰው አንዲት ቃል ይተነፍሳል፤ አቶ ወልደየስ የዘር ሐረጉን፣ የበደሉትን ሰዎች፣ ያሰበውን በቀል ሁሉ ይነግሩናል። እትዬ ብርቄ «ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ? ጣሊያን ሳንባ አለው» ይላሉ። ማንም ግን እንዲያሳጥሩ አልፈለገም።

አንድ እሑድ አንበሪው መጣ። የሲኒማው ስም ሌላ ነገር ይሆናል፤ አቶ ወልደየስ «ዓሣ አንበሪ» አሉን፣ አንበሪ ሆነ። ባሕር ዳር የምትኖር፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ቀጭን ልጅ አለች። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው። ጠዋት ግንባሯን ስሞ ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ ይወጣል። ከዚያ ባሕሩ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከውስጡ አንድ ጥቁር ነገር ይነሣል። ልጆቼ፣ እኔ እስከ ዛሬ እንዲያ ያለ ፍርሃት አልፈራሁም። መጨረሻው አይታይም። ራሱ ከእናቴ ስፌት በዚህ በኩል ሲሆን ጀርባው ገና በዚያ በኩል ነው። ስፌቷን ሲያቋርጥ እናቴ እጄን እንዴት እንደጨመቀችው ትዝ ይለኛል፤ ሸራው የሚቀደድ መስሏት ይሆን እላለሁ። አውሬው አፉን ከፈተና ጀልባውን ከነሰዎቹ ዋጠው። ወታደሮች መጡ፣ ተኮሱ፤ ምንም አላደረጉትም። ወደ ጥልቁ ተመልሶ ገባ። መጨረሻው ላይ ልጅቱ ውሃው ዳር ብቻዋን ቆማለች፤ ውሃው ዝም ብሏል፤ የተገለበጠ ጽሕፈት መጣና መብራቱ በራ።

ሰው ከመቀመጫው አልተነሣም። አቶ ወልደየስ ጽሕፈቱ ሁለተኛ ክፍል አለው እንደሚል ነገሩን። ያን ጊዜ እናቴ፣ ሰው መሃል ድምፅ የማታሰማዋ እናቴ፣ ጠየቀቻቸው። የዋጣቸው ሰዎች ሞቱ ማለት ነው ወይ አለች።

አቶ ወልደየስ ዘንጋቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። ኋላ እንዲህ አሉ፦ «አልሞቱም አስካለ። ሆዱ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ እንደ ዮናስ ይተፋቸዋል።»

«እንዲያ ብሎ ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

በእኛ አገር ይህን ነገር ማን ይጠራጠረዋል? ዮናስ በዓሣው ሆድ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት አድሮ በደህና መውጣቱን ሕፃን ያውቀዋል፤ የነነዌን ጾም በየዓመቱ የምንጾመው በዚያ ታሪክ አይደለም? ፈረንጁም መጽሐፍ ያነብባል፤ ካነበበ ደግሞ ያንኑ ነው ሥዕል ያደረገው። ግቢያችን ውስጥ ጆንያ ከሚሰፉት ሴቶች ሁለቱ የሄደባቸው ሰው ነበራቸው፤ እነሱም በዚህ ነገር አንድ ሆኑ። ስለ ባሎቻቸው በግልጽ ማውራት የማይቻልበት ጊዜ ነው፤ ስለ አንበሪው ማውራት ግን ማን ይከለክላል? «ሆዱ ውስጥ ብርድ ይኖር ይሆን» ትላለች አንዷ። «ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ካለ ይሞቃል» ትላለች ሌላዋ። ምን እንደሚበሉ ተወያይተው ዓሣውን ራሱን ከውስጥ እየቆረጡ እንደሚበሉት ተስማሙ፤ እትዬ ብርቄ ግን ጾም ሲገባ ምን ሊሆኑ ነው ብለው አስጨነቋቸው። እናቴ ከሰው ጋር ስትስቅ ያየኋት ያን ሰሞን ነው። ማታ ማታ ለአባቴ ስትጸልይ አምላከ ዮናስ እያለች ሆነ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ሲኒማ በየእሑዱ አለ፤ የፈረሰኛው፣ የዘፋኙ፣ እየተላፉ ከደረጃ የሚወድቁት ሰዎች፤ አንበሪው ግን አልመጣም። በመሃል አንድ የሰንጋ ተራ ሰው ከባሕር ማዶ ተፈትቶ መጣ ተባለ። እናቴ ሄዳ ደጁ ላይ ውላ አናገረችው። ከስቶ ኮቱ ተሰቅሎበታል አለችን። አባቴን አላየውም፤ ግን የታሰሩበት ቦታ ብዙ ነው፣ ሁሉም አይተያይም ብሏታል። ይህ ለእናቴ ትልቅ ወሬ ነበር፤ አንዱ ወጥቷል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን እኔ በልጅ ዓይኔ አይ ነበር። አቶ ወልደየስ በደጃችን ማለፍ ትተዋል። ወንዙን ዞረው ነው የሚሄዱት። ድንገት መንገድ ላይ ካገኙኝ ካራሜላ ይሰጡኝና እናቴን ሰላም በይልኝ እንኳ ሳይሉ ያልፋሉ። አክስቴ ያ የጣሊያን ምላስ ኮራብን አለች። እናቴ አቶ ወልደየስን ክፉ አታስነካም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የነነዌ ጾም ሊገባ ሲል መጋዘኑ በር ላይ ሥዕል ተለጠፈ። ጥርስ ያለው ትልቅ ራስ ነው። እናቴ ሥዕሉን ቆማ ብዙ አየችው። ሦስቱን ቀን ውሃ እንኳ ሳትቀምስ እስከ ማታ ጾመች። ቅዳሜ መጋዙን ወለወለች፤ አልጋውን ነቅላ ከሥሩ ጠረገች፤ የአባቴን ጋቢ አጥባ አሰጣች። አክስቴም መጥታ ነበር፤ ጋቢውን ገመድ ላይ ስታየው ጫፉን ጎትታ አቀናችው። እሑድ እናቴ ነጭ ለብሳ፣ ፀጉሯን እትዬ ብርቄ ሹሩባ ሠርተዋት፣ ለበዓል እንደምትሄድ ሴት ሆና ሄደች።

ያን ጊዜ ጣሊያኖቹ ከተማ ውስጥ ወንበሩ ከፋይ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ሲኒማ ቤት ተሠርቶላቸው መጋዘኑን ለእኛ ትተውታል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሸራው ፊት ለፊት፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እናቴ መጀመሪያ መስመር ላይ ነች። ማኪናው ማጉረምረም ጀመረ፤ ጽሕፈት መጣ፤ ባሕሩ መጣ። ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ጭጋጉ የለም። ለካ ከፊት ሲያዩት ሲኒማ እንዲህ ነው አልኩ።

መጀመሪያ የገባን ልጅቱ መለወጧ ነው። የፊተኛዋ ቀጭን ነበረች፤ ይቺ ጉንጫም፣ ትልቅ ሴት ሆና ሕፃን የምትመስል ናት፤ ስለ አባቷ አንዴም አትናገርም፣ ከአንድ ወታደር ጋር ትስቃለች። ቀጥሎ አንበሪው ወጣ። ውሃው ውስጥ አልነበረም፤ በሁለት እግሩ ቆሞ መንገድ ላይ ይሄዳል። ቤት ገፋ፤ ቤቱ እንደ ካርቶን ተንዘፈዘፈ፤ ከኋላ አንድ ሰው ደግፎ ያቆመው ይመስል ተመልሶ ቀና አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አንበሪው ዞር ሲል ጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስፌት አየን። እትዬ ብርቄ ጮክ ብለው «ኧረ ይኼ አውሬ የሠርግ ዳስ የወደቀበት ሚዜ ይመስላል» አሉ፤ መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ቀጥሎ መሰላል ሊወጣ እግሩን ሲያነሣ ቆዳው ከፍ አለና የወታደር ጫማ ታየ፤ ክሩ ተፈትቶ ይጎተታል። «ጌታው፣ ክርዎን ይሠሩት፣ ይወድቃሉ» አሉ እትዬ ብርቄ። ያን ጊዜ ሰው በሳቅ ተንከባለለ። ሁለት ክረምት የተፈራ ነገር እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል? እኔ ግን አልሳቅኩም። ተቆጥቼ ነበር። የልጅ ቁጣ ታውቁታላችሁ፤ ያስፈራኝን ነገር ቀምተውኝ በምትኩ ቡትቶ የሰጡኝ መሰለኝ።

ወደ እናቴ ዞርኩ። ዓይኗ ስፌቱ ላይ ነው። ስፌት አይታ የማታልፍ ሴት ነበረች፤ ጥልፉን፣ ርቀቱን፣ ሲባጎው የላላበትን ታያለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ጥልፍ እየቆጠረች ነበር።

አቶ ወልደየስ ሸራው ጠርዝ ላይ ቆመው መተረካቸውን ካቆሙ ቆይተዋል። ሳቁ ትንሽ ሲበርድ እናቴ ተቀምጣ ሳለች ጠየቀች። ድምጿ ከፍ አላለም፤ ግን ሁሉም ሰማው።

«አቶ ወልደየስ፣ የዋጣቸውስ?»

እትዬ ብርቄ ሳቃቸውን ዋጡ። ጆንያ የሚሰፉት ሁለቱ ሴቶች አንገታቸውን አቀኑ። ሥዕሉ ከአቶ ወልደየስ ጀርባ ይሮጣል፤ አውሬው ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ጫማው ይታያል። እሳቸው እሱን አላዩም፤ እናቴን ነው ያዩት። ሌላ ቀን ቢሆን አንዲት ቃል ወስደው ከእሷ የዘር ሐረግ የሚያወጡ ሰው ናቸው። አሁንም ሦስተኛ ክፍል አለው ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል? ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

«የሉም አስካለ» አሉ።

«አየሁት» አለች እናቴ። «ይኼ ጆንያ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሚያራምደው ነው።»

ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሣች፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ኀዘንተኛ ለበሰችው፣ እጄን ይዛ ወጣች። ውጭው ገና ቀን ነው። ፀሐይዋ አዲሶቹ ቤቶች ጣሪያ ላይ፣ አባቴ የመታው ቆርቆሮ ላይ ታበራ ነበር። ከጀርባችን ከመጋዘኑ ሌላ ሳቅ ፈነዳ፤ ከኋላ የተቀመጡት ምን እንደተባለ አልሰሙም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ወልደየስ ከሁለት የማኅበሩ ሽማግሌዎችና ከነፍስ አባታችን ጋር መጡ። መርዶ እንደሚነገረው ሁሉ ደጁን አንኳኩ። እናቴ ቀድማ አልጋውን አንሥታ መሬት ተቀምጣ ነበር። «ትናንት ነግረውኛል፤ ግቡና ተቀመጡ» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ የመርዶ ቃላቸው አፋቸው ላይ ቀረ። አቶ ወልደየስ ግን አንድ የቀራቸው ነበርና እሱን ተናገሩ። አባቴ ባሕር ማዶ አልሄደም። እዚሁ፣ በተያዘ በሳምንቱ ነው የሞተው፤ እሳቸው ስሙን ጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ ያዩት ከመጀመሪያው ሲኒማ በፊት ነው። ያወቁትን ቢናገሩ እሳቸውም እኛም እንዳንጠፋ ፈሩ። ከዚያ እሷ ስለ ሥዕሉ ጠየቀቻቸው፤ የጠየቀችው ስለ ሥዕሉ አለመሆኑ ገባቸው፤ አፋቸው የመጣለትን ተናገረ። አንዴ ከተናገሩት በኋላ ደግሞ በደጃችን ማለፍ አቃታቸው። አክስቴ ተነሥታ ልትሰድባቸው ነበር። እናቴ እጇን ዘርግታ አስቀመጠቻት።

ያን ጊዜ እንደዚያ ለተወሰደ ሰው እሪ ብሎ ማልቀስ አይቻልም። ለቅሶ ከተሰማ ማን ሞተባችሁ፣ ማን ነገራችሁ ይባላል፤ ነገሩ ወደ አቶ ወልደየስም ይደርሳል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች፤ ድምፅ የላትም። ይህን ያዩት እትዬ ብርቄ ወጡና ያደረ ጆንያ ሁሉ ገመድ ላይ ሰቀሉ። ዱላቸውን አንሥተው መደብደብ ጀመሩ። ሁለቱ ሴቶች ተከተሏቸው፤ መጨረሻ ላይ የላንቻዋ አክስቴም ዱላ ያዘች። ያ ድምፅ፣ ልጆቼ። ደረት የሚመታበትን ምት ጠብቀው ጆንያ ይመታሉ። አቧራው ግቢውን ሞላው፤ የስሚንቶ ነው፣ የዱቄት ነው፣ ሁላችንም ነጭ ሆንን። በዚያ ድምፅ ሥር እናቴ አለቀሰች፤ ልክ እንደ ሰው፣ ስሙን እየጠራች፣ እስኪበቃት። በአጥር የሚያልፍ ወታደር ቢሰማ ሥራ ላይ ናቸው ይላል። እትዬ ብርቄ ጣቶቻቸው እስኪላጡ መቱ። ያን ቀን አንድም ቀልድ አልተናገሩም።

መጋዙንና መላጊያውን እናቴ የጨርቆስን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ለሚጠግኑት አናጢዎች ሰጠች፤ ለነፍሱ። መጋዙ አንድ ነጥብ ዝገት አልነበረበትም። ተዝካሩም በዝግ ቤት ወጣ። ሸራውን ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከመጋዘኑ አወጡትና ለእሷ ሰጧት፤ ስፌቱን ፈትታ ለእኔ ቀሚስ አደረገችው። እኔ ደግሞ ያን ቀሚስ ለብሼ ጨርቆስ ስሄድ የአንበሪው ጥላ ጀርባዬ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ አድጌ አስብ ጀመር። የመጀመሪያውም አንበሪ ጆንያ ነበር ይሆን? ከሸራው ጀርባ፣ በአቡጀዲው ጭጋግ ስላየነው ይሆን ያ ሁሉ ግርማ የታየን? አላውቅም። ደግሜ ላየው ዕድሉን አላገኘሁም፤ ባገኝም እንጃ።

አንድ ጊዜ፣ እናቴ ካረጀች በኋላ፣ አቶ ወልደየስ ያታለሉሽን ይቅር ብለሻቸዋል ወይ አልኳት። እሳቸው ከሞቱ ቆይቷል። በየዓመቱ የነነዌ ጾም ሲፈታ እናቴ ድፎ ጋግራ ለቤታቸው ትልክ ነበር፤ ነገሩ አይገባኝም ነበር። ወስፌዋን ከእጇ ሳታስቀምጥ መለሰችልኝ። «ያን ጊዜ ሞቷል ቢሉኝ አንቺን የማሳድግበት ጉልበት ከየት አመጣ ነበር? ሁለት ክረምት ተሸክመውኛል። ሊያወርዱኝ ሲሉ ደግሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው አወረዱኝ።»

ይህን ሁሉ ጽፌ ትናንት ለሜሮን ሰጠኋት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አነበበችው። ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ ያዘች። ኋላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«እማማ» አለች። «ያ የኔ አውሬ ሦስተኛ ክፍል አለው እኮ።»

«ደግሞ ሦስተኛ?»

«አዎ። እዚያ ላይ የዋጣቸው በሙሉ ይወጣሉ። በደህና።»

ፊቷን አየሁት። አላየችውም፤ እንዳላየችው ታውቃለች፤ እንደማውቅም ታውቃለች። ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

«እንግዲያው ለእሑድ አምጪው» አልኳት።